ቲኑ ከመጋዙ ይሆናል

አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ የኮንድራይት ሜትዮራይት (ከጠፈር የወደቀ ድንጋያማ አካል) ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታይ ብረት፣ መዳብና ቲን አንድ ላይ የያዘች ነጥብ አገኘች። አዲስ ማዕድን ይሆን ብላ ትጠይቃለች። ናሙናውን ያዘጋጀላት ሰው ወርቅ እንደቀባው፣ የተረፋትን ናይታልም (የናይትሪክ አሲድና የአልኮል ድብልቅ) በጠርሙስ ከድና እንዳስቀመጠች ጽፋለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱ። ናይትሪክ አሲድና አልኮል አብረው ሲቆዩ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ የተዘጋ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። አትነካኪው፣ ዛሬውኑ ለላብራቶሪው የደኅንነት ኃላፊ ንገሪ።

አሁን ወደ ነጥቧ። ቲን የሚለውን እንዳነበብኩ ሐሳቤ ወደ መጋዙ ሄደ። የብዙ መቁረጫ ዲስኮች አልማዝ የተያዘው በነሐስ ነው፤ ነሐስ ደግሞ መዳብና ቲን ነው። ርካሹ ዲስክ ቶሎ ይበላና ናሙናውን ይለቀልቀዋል። በኮንድራይት ውስጥ እውነተኛ መዳብ አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኒኬል-ብረቱና በትሮይላይቱ (የብረትና የድኝ ማዕድን) ድንበር ላይ ነው። ያንቺዋ በጭረት መስመር ወይም በስንጥቅ ውስጥ ከተቀመጠች፣ እኔ በመጋዙ እፈርዳለሁ።

ብረቱስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ20 ኪሎቮልት የሚመጣ ኤሌክትሮን ላይ ላዩን ነክቶ አይቀርም። አሸዋ ላይ እንደተንጠባጠበ ውሃ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሰርጋል፣ አንድ ማይክሮን ገደማ። መሣሪያው ንጥረ ነገሮችን የሚለይበት ኤክስሬይ የሚወጣው ከዚያ ሁሉ ነው። የነሐሱ ልባስ ስስ ከሆነ መሣሪያው ከሥሩ ያለውን ካማሳይትም (የሜትዮራይቱን ኒኬል-ብረት) አብሮ ያነባል፤ ሦስቱን እንደ አንድ ቅይጥ አድርጎ ይሰጥሻል። ነጥቧ ወፍራም ብትሆንም እንኳ የመዳቡ ኤክስሬይ ራሱ በዙሪያው ያለውን ብረት ኤክስሬይ እንዲያወጣ ያስነሳዋል። ውጤቱ ልክ መቶ በመቶ መጣ ብለሽ አትመኚው፤ ሶፍትዌሩ አስተካክሎ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ወደ 10 ኪሎቮልት ቀንሺና ድገሚ። እዚያ ላይ የመዳቡ ኬ-መስመር (ከፍተኛ ጉልበት ያለው የኤክስሬይ ምልክቱ) ስለሚደክም ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን ኤል-መስመሩን ተጠቀሚ። የብረቱ ድርሻ ወርዶ የመዳብና የቲኑ ከጨመረ ልባስ ነው።

ናሙናውን ያዘጋጀልሽ ሰው ወርቅ መቀባቱ ግን አናዶኛል። የወርቅ መስመር የፎስፈረስን ይሸፍናል። በ2022 ከሶማሊያው ኤል አሊ ሜትዮራይት የተለዩት ኤላሊያይትና ኤልኪንስታንቶናይት ፎስፌቶች ናቸው፤ አዲስ ነገር የሚፈልግ ሰው ፎስፈረስን አይጋርድም። ነጥቧን ፎቶ አንሺና ወርቁን በ1 ማይክሮን የአልማዝ ፓስታ፣ በአዲስ ጨርቅ ላይ አንሺው። በውሃ አይሁን፣ ያዝገዋል፤ በንጹሕ አልኮል ይሁን። ነጥቧ አብራ ከጠፋች መልስሽን አገኘሽ። ከቀረች ካርቦን አስቀቢና እንደገና ለኪ።

ናይታልን ልኬቱ እስኪያልቅ አትጠቀሚበት። ስታዘጋጂ አሲዱን ወደ አልኮሉ ጨምሪ፣ ከ5 በመቶ አትለፊ፣ ለዕለቱ የሚበቃሽን ብቻ። የተረፈውን ደግሞ ከድነሽ አታስቀምጪ።