ከለመድነው ለመውጣት ከየት እንጀምር? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ ዝም እላለሁ። እጄን ላነሳ ስል ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል። ሲያልቅ ደግሞ «ምነው በተናገርኩ» እያልኩ እቆጫለሁ። በሥራ ግምገማም ተሳትፎዬ አነስተኛ ነው ተብያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅዎን ሊያነሱ ሲሉ ጭንቀቱ ይመጣል፤ ሲተዉት ወዲያው ቅልል ይልዎታል። ችግሩ ያለው እዚህ እፎይታ ላይ ነው። አእምሮዎ «ያዳነኝ ዝምታዬ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም ማለቱ ይቀላል፣ መናገሩ ይብስ ይከብዳል። ስለዚህ ድፍረት እስኪመጣልዎ አይጠብቁ። ድፍረት የሚመጣው ከሠሩት በኋላ ነው።

መናገር የሚጠይቁ ከስምንት እስከ አሥር የሚደርሱ የሥራ ሁኔታዎችን ወረቀት ላይ ይዘርዝሩና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የጭንቀት ነጥብ ይስጡ። መለኪያው ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ በማከም ከሚታወቀው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከጆሴፍ ዎልፔ የመጣ ነው። ለምሳሌ ለአንድ ባልደረባ አስተያየት መስጠት 20፣ በስብሰባ ላይ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ መጠየቅ 40፣ የራስን ሐሳብ በሁለት ዐረፍተ ነገር ማቅረብ 55፣ የአለቃን ሐሳብ በጨዋ ደንብ መቃወም 75፣ ስብሰባ መምራት 85 ሊሆን ይችላል። እርስዎ ከ40 አካባቢ ይጀምሩ። 20 ላይ ያለው ብዙ አያስተምርዎትም፤ 85ቱ ደግሞ ሊያሸሽዎት ይችላል።

ከስብሰባው በፊት የሚፈሩትን ነገር በዓይን በሚታይ መልኩ ይጻፉ። «ምን ያስቡኝ ይሆን» የሚለውን ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ «ስጠይቅ ይስቁብኛል» የሚለው ግን ይጣራል። ምን ያህል እንደሚያምኑበት በመቶኛ ያስቀምጡ፤ ሲወጡ የሆነውን ከጎኑ ይጻፉ። ሰዓቱንም አስቀድመው ይወስኑ፦ «ሰብሳቢው የመጀመሪያውን አጀንዳ አስተዋውቆ እንደጨረሰ እጄን አነሳለሁ» ይበሉ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ቢናገሩ ይሻላል፤ በቆዩ ቁጥር ጭንቀቱ ይከማቻል፣ ሐሳብዎንም ሌላ ሰው ቀድሞ ይናገረዋል። የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፈው ይያዙ። ሁሉንም ከጻፉት የራስዎን ተራ ሲጠብቁ የሌላውን ንግግር አይሰሙም።

ነጥቡ በግማሽ እስኪወርድ ድረስ ያንኑ ደረጃ ይደጋግሙት። አንዴ ተሳክቶልኛል ብሎ ወደላይ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። ሌላው ስህተት ብዙም አይታይም፦ በጥድፊያ መናገር፣ ዓይንን ከወረቀት አለማንሳት፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ መጀመር። እነዚህ መደበቂያዎች ናቸው። ነገሩ በሰላም ቢያልፍም አእምሮ ምስጋናውን ለእነሱ ስለሚሰጥ ፍርሃቱ ባለበት ይቀራል። በየጊዜው አንዷን ብቻ እየመረጡ ይተዉ።

ጥያቄ፦ «ፍርሃት በአንዴ ነው የሚጋፈጡት» ተብዬ ትልቅ ጉባኤ ላይ ንግግር ለማድረግ ተስማማሁ። መሃል ላይ ቃል ጠፋኝና ከመድረክ ወረድኩ። አሁን በትንሽ ስብሰባም መናገር አቅቶኛል። መልሼ ልሞክር?

መልስ፦ ይሞክሩ፤ ግን ወደዚያው መድረክ አይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስተማሩ ሲያጠኑ፣ አስቸጋሪውን ሥራ አይጦቹ ቶሎ የተማሩት ንዝረቱ መካከለኛ ሲሆን ነበር፤ ሲበረታ ትምህርቱ ዘገየ። ጥናቱ የአይጥ ስለሆነ ለሰው ልክ ቁጥር አይሰጠንም። ሆኖም ከባድ ሥራና ከባድ ጭንቀት አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን እርስዎ ራስዎ አይተውታል። በዚያ ላይ የወረዱት ጭንቀቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው፤ የተማሩትም «መውረዴ አዳነኝ» የሚለውን ነው።

የንግግሩን የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ብቻ ለሁለት ሰዎች ያቅርቡ፤ በዚያው ሳምንት ይድገሙት። ከዚያ ለአምስት፣ ቀጥሎም ለአሥራ አምስት ሰዎች። ሰዎቹንና ክፍሉን ይቀያይሩ፤ በአንድ ክፍል ብቻ የተለመደ ነገር እዚያው ክፍል ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን ቃል መጥፋቱን ራሱን ይለማመዱት። በልምምድ ላይ ሆን ብለው ያቁሙ፣ በሆድዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ማስታወሻዎን ይመልከቱ፣ ይቀጥሉ። ለተናጋሪው የዘላለም ያህል የሚረዝም ዝምታ ለአድማጭ እረፍት ነው። ማስታወሻው በትልልቅ ፊደል የተጻፉ አምስት ቃላት ይበቁታል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ። ሊጀምሩ ሲሉ «ተረጋጋ» ብሎ ራስን መገሠጽ ብዙ አይረዳም። ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት «ጓጉቻለሁ» ያሉት ተሳታፊዎች ራሳቸውን ለማረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ተናግረዋል። ልብ የሚመታው በጉጉትም በፍርሃትም ነውና።

ጥያቄ፦ ቡድን እንድመራ ተጠይቄያለሁ። የሚሰማኝ ጭንቀት የእድገት ይሁን ወይስ «ይቅርብህ» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ በምን ልለየው?

መልስ፦ ጭንቀቱ «አልችለው ይሆናል» ከሆነ በመማር የሚቃለል ነው። «ይህ ሥራ ከማምንበት ጋር ይጋጫል» ከሆነ ግን የድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ እንቢ ማለትም ያባት ነው። እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ሳምንታት የዘለቀ ጭንቀት ካለ ደግሞ የባለሙያ እርዳታ ይቅደም።

ከመስማማትዎ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ ከስድስት ወር በኋላ ተሳካ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ስቸገር የምጠይቀው ማንን ነው? ከአሁኑ ሥራዬ የሚነሳልኝ የትኛው ነው? ሦስተኛውን አይዝለሉት። አዲስ መሪዎችን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ የአቅም ማነስ ሳይሆን የድሮው ሥራ ሳይቀነስ አዲሱ መደረቡ ነው።

ጥያቄ፦ በየወሩ አዲስ ነገር እሞክራለሁ፤ ግን ያደግሁ አይመስለኝም።

መልስ፦ የሚቀያይሩት ገና ጀማሪ እያሉ ስለሆነ ነው። አንድ ክህሎት ይምረጡና ሦስት ወር ይቆዩበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በጣም ደካማ የሆኑበትን ክፍል ብቻ ለይተው ይሥሩ፤ ከርስዎ የሚሻል ሰውም ሥራዎን ይመልከትልዎ። ሲጠይቁት «እንዴት ነበር?» ካሉ «ጥሩ ነው» ተብለው ይመለሳሉ። «ሐሳቤ የጠፋብህ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁት።