ዘጠኝ ቁጥራችን ጣቱን አንቀሳቀሰ፣ እኛስ ምን እናድርግለት?

ሰሞኑን ከጎንደር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው ስለ አንድ ልጅ ናቸው። ስሙን አልጽፈውም፣ ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ለሌላው አንባቢ ዘጠኝ ቁጥር ማለት ይበቃል። ሦስቱን መርጬ አንድ ላይ አውጥቻቸዋለሁ፣ ተነጣጥለው ቢነበቡ አንዱ ያለ ሌላው ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአራዳ ልጅ ነኝ፣ ዕድሜዬ 23። የሰፈራችን ቡድን ዘጠኝ ቁጥር የዛሬ 12 ቀን ጨዋታ ላይ ቅልጥሙ ተሰበረ፣ እኔ ኮርና ጋ ነበርኩ ድምፁ እዛ ድረስ ተሰምቷል፣ እንደ ደረቅ እንጨት ነው ቀጭ ያለው። ባጃጅ ያንገጫግጨዋል ብለን በሰው ፒካፕ ጭነን ሆስፒታል አስገባነው፣ በሦስተኛው ቀን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገባለት። መጀመሪያ «እግሩ ሊቆረጥ ነው» ምናምን ተብሎ ተወርቶ ሰፈሩ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር፣ አሁን ግን ሐኪሙ ተስፋ አለው ኳስም ሊጫወት ይችላል ብሏል፣ ትናንት ደግሞ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ አንዱ ጓደኛችን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀውና ሰው ሁሉ እልል እያለ ነው፣ እኔም አልቅሻለሁ አልዋሽም። ቅዳሜ ወደ 40 ሰው ሆነን ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰን ልንሄድ ነው። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ እሱ ይሸው፣ ቶሎ ይመለሳል እያሉ ነው። በሁለቱም ግራ ገብቶኛል፣ ደግሞስ እውነት ይመለሳል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ምሕረቱን ጨርሶ ያምጣለት። ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። አውራ ጣቱ ከብርድ ልብሱ ወጥታ ወደ ላይ ወደ ታች ስትል፣ ከጎን የሴት ድምፅ «እሰይ የኔ ጌታ እሰይ» ሲል ይሰማል፣ እናቱ ትሆናለች። እንባህ ያለ ምክንያት አልወጣም፣ ያቺ ጣት ትልቅ ነገር ነው የተናገረችው። ቅልጥም ሲሰበር ሐኪሙ ነርሷ እየተመላለሱ ጣትህን አንቀሳቅስ፣ ስነካህ ይሰማሃል ወይ የሚሉት ደሙና ነርቩ እስከ ታች መድረሱን ለማወቅ ነው፣ ምክንያቱም ጡንቻው ውስጥ ለውስጥ ሲያብጥ የደም ዝውውሩን ያንቀዋል፣ ያ ከስብራቱ በላይ ያስፈራል፣ በሰዓታት ውስጥ እግር ያሳጣል። እሱ የመጀመሪያውን ክፉ ጊዜ አልፎታል ማለት ነው። ለአስታማሚዎቹ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፣ ህመሙ በማስታገሻም አልበርድ እያለ ከጨመረ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይ ከደነዘዙ፣ እስኪነጋ ሳይሉ በዛው ሰዓት ለሐኪም ይንገሩ።

ይመለሳል ወይ ላልከው፣ ሐኪሙ እንዳለው ተስፋ አለው። ብረቱ አጥንቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ የሚጠገነው ግን ራሱ አጥንቱ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። የቅልጥም አጥንት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ ከዛ የሟሸሸው ጡንቻ ተመልሶ እስኪሞላ፣ እሱም ኳስ ስር ያለ ፍርሃት እስኪገባ ሌላ ወራት አለ። የአርሰናል ደጋፊ ከሆንክ አሮን ራምሴን ታስታውሰዋለህ፣ የካቲት 2002 ከስቶክ ጋር ሲጫወት ሁለቱም የቅልጥሙ አጥንቶች ተሰበሩ፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሜዳ የተመለሰው በ9 ወሩ ገደማ ነው፣ ያውም ለኖቲንግሃም ፎረስት በውሰት ተሰጥቶ። ግንቦት 2006 ደግሞ በኤፍኤ ካፑ ፍጻሜ ሀል ሲቲ ላይ በጭማሪ ሰዓት ያስቆጠራት ጎል ለአርሰናል ዋንጫ ሆነች። ከስብራቱ እስከዛች ጎል ከ4 ዓመት በላይ አለ። ይሄን የምነግርህ ቅዳሜ ስትሄዱ «መቼ ትጫወታለህ» የምትለዋን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀው ነው። አንድ ሰው ሲጠይቀው ፍቅር ነው፣ አርባ ሰው ሲጠይቀው ዕዳ ይሆንበታል፣ ልጁ እናንተን ላለማሳፈር ብሎ ያለ ጊዜው እግሩን ይረግጥበታል።

ወጌሻውን በተመለከተ፣ እባካችሁ አይሆንም። ወጌሻ አልንቅም፣ እኛ አገር የቡድን ሐኪሙንም ወጌሻ ነው የምንለው፣ ወለምታ ያቀኑ የእጃቸው ነገር የሚደንቅ አባቶችም አውቃለሁ። ብረት የገባበት ስብራት ግን አይታሽም፣ አለቀ። የአክስቴ ልጅ በ14 ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ቤተሰብ ወደ ወጌሻ ወሰደው፣ በቀርከሃና በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ማታ ማታ እያለቀሰ «ፍቱልኝ» ይል ነበር፣ እኛ ደግሞ ሲድን ነው የሚያመው እያልን እናባብለዋለን፣ እኔ ራሴ ግንባሩን እያሻሸሁ እንደዛ ብዬዋለሁ። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ቀዝቅዘው ጠቆሩ፣ ስንቆነጥጠው አይሰማውም። ሆስፒታል ስንደርስ ከጉልበት በታች ከመቁረጥ ሌላ ምንም አልተገኘም። አጥንቱ እኮ የሚድን አጥንት ነበር! ያጠፋው ማሰሪያው ነው። እስከዛሬ ያቺ ፍቱልኝ የምትለው ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ወጌሻ የሚል ሰው ስትሰማ ዝም እንዳትል፣ ተከራከር፣ ተጣላም ካስፈለገ።

ወደ ቅዳሜው ልምጣ። አርባ ሆናችሁ አትሂዱ። ፍቅራችሁ በዝቶ አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞችም አሉ፣ የሱም ቁስል ገና አልደረቀም፣ ሰው ደግሞ ሊጠይቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ማለት ነው። ሁለት ወይ ሦስት ሆናችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆማችሁ እግዜር ይማርህ ብላችሁ ውጡ። ቲሸርቱ ከተሰራ ግን አይባክንም፣ አርባችሁም ለብሳችሁት ደም ባንክ ሂዱ። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኛ የሆነ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል፣ ምንም አይሆንም። በመኪና አደጋም ይሁን በወሊድ ደም ፈሷት የምትመጣ እናት ደም የምታገኘው ሰው አስቀድሞ ከሰጠው ነው። ዘጠኝ ቁጥር ለብሳችሁ ወረፋ ይዛችሁ ፎቶ ተነሱና እሱን ላኩለት፣ በመቶ እልልታ አልለውጠውም።

ቀሪውን ወረቀት ላይ ጻፉት። እውነቴን ነው፣ ወረቀት አምጡና ማን በየትኛው ወር እንደሚሄድ ስም ጻፉ። ሆስፒታል እያለ ሰው አይጎድልበትም፣ ሰው የሚጠፋው ቤት ገብቶ ክራንች ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲቀመጥ ነው፣ በሦስተኛው ወር በአራተኛው ወር፣ ቡድኑ በሌላ ዘጠኝ ቁጥር ጎል ሲያገባ ጩኸቱ እቤቱ ድረስ ሲሰማው። ያኔ ነው እናንተ የምትፈለጉት፣ ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የባጃጅ ሒሳብ ይዞ የሚሄድ፣ ደረጃ ሲወጣ ከኋላ የሚቆም፣ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለማንኛውም ነገር የሚያወራው ሰው።

ቪዲዮውን የለቀቀው ጓደኛችሁን አልቆጣውም፣ ደስ ብሎት ነው። ግን በ2013፣ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በወሰደበት ዓመት፣ ሰኔ 5 ማታ ኮፐንሃገን ላይ የሆነውን አስታውሱ፣ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ የዴንማርክ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ከካሜራ ከለሉት። አንዳንዶቹ እያለቀሱ ነበር ግን ክቡን አልለቀቁም። የፊንላንድ ደጋፊ «ክርስቲያን» ሲል የዴንማርኩ «ኤሪክሰን» እያለ ይመልስ ነበር፣ ተጋጣሚዎች እኮ ናቸው። ያ ሰው ደረቱ ውስጥ የልብ መሣሪያ ተገጥሞለት በየካቲት 2014 በብሬንትፎርድ ማልያ ተመለሰ፣ ሰኔ 2016 ደግሞ አውሮፓ ዋንጫ ላይ ስሎቬኒያ ላይ ጎል አገባ። እናንተም ክቡን ሥሩለት። እሱ ራሱ ልቀቁልኝ ካላለ ከአልጋው የሚወጣ ቪዲዮ አይኑር።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ባይመለስስ? የአበበ ቢቂላን ነገር አስብ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ሄዶ ጥቅምት 1957 በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ፣ ሰው ሁሉ ይሄ ሰው የማይችለው የለም አለ። መጋቢት 1961 በመኪና አደጋ ሽባ ሲሆን እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ተኛ፣ ከዛ በኋላ በእግሩ አልሄደም። ግን በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፣ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ሕዝቡ ያኔም አበበ ነው ያለው። ዘጠኝ ቁጥራችሁ ነገ ኳስ ባይጫወትም ሲያልፍ «ዘጠኝ!» ብላችሁ የምትጠሩት ከሆነ ያንን ከአሁኑ ይወቀው።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ነው የምጽፈው። የተጎዳው ልጅ ታላቅ እህት ነኝ። ሰው ላሳየን ፍቅር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ትራሱ ስር ስትንቀጠቀጥ ነው የምታድረው፣ ካልመለስኩ ይቀየሙኛል ብሎ አይተኛም። ደግሞ እናቴ በጾም ወተትና እንቁላል አልሰጠውም ትላለች፣ ሰው የሚያመጣለት ብርቱካንና ጁስ ብቻ ነው። ሌላው፣ የገባበትን የተጋጣሚ ልጅ «ደህና ነው ወይ» እያለ ሁለቴ ጠይቆኛል፣ እኔ ልጁን አላውቀውም ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ ስልኩን ከ2 ሰዓት በኋላ አንቺ ያዢው፣ አንድ መልእክት ጻፊና ለሁሉም ላኪ፣ «ተኝቷል፣ ደህና ነው፣ ነገ ያነበዋል»። እንቅልፍ መድኃኒቱ ነው። ስለ ጾሙ እናትሽን አትከራከሪያቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ጥሪና እሳቸው ይንገሯቸው፣ ለበሽተኛ ይፈቀዳል፣ ከአንቺ አፍ ሲሰሙት እና ከአባ ሲሰሙት አንድ አይደለም። እስከዛው ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ አይጥፋ፣ አጥንት የሚሠራው በምግብ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካለው ደግሞ አጠገቡ አያጭስ፣ እሱም እንዳይሞክራት፣ የአጥንት መጋጠምን በጣም ታዘገያለች። የሦስተኛው ጥያቄሽ መልስ ቀጥሎ ነው።

ጥያቄ፦ የገባሁበት እኔ ነኝ። ኳሷን ነበር ያየሁት፣ እግዜር ያውቃል። ደጋፊዎቹ ሰፈራችን ብትመጣ እያሉ ጽፈውብኛል፣ ልምምድ አቁሜያለሁ፣ እንጀራ አይወርድልኝም። ሁለት ጊዜ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ልግባ?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ደብዳቤህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ራምሴን ከላይ አንስቼዋለሁ፣ ያን ቀን የገባበት ሾክሮስ ቀይ ካርድ አይቶ ከሜዳ ሲወጣ እያለቀሰ ነበር፣ የ22 ዓመት ልጅ። አንተም ተጎድተሃል፣ ያንተ በራጅ ስለማይታይ ነው።

የአራዳ ልጆች፣ ይሄን የምታነቡ ከሆነ ዛቻችሁን አጥፉ። ዛሬ። ዘጠኝ ቁጥራችሁ ራሱ ምን ብሎ እየጠየቀ እንደሆነ ከላይ አንብባችኋል።

አንተ ደግሞ ብቻህን አትሂድ፣ አባትህን ወይ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ እናቱን በር ላይ ካገኘሃቸው መጀመሪያ ለሳቸው ዝቅ በል፣ ቢያለቅሱም አትሽሽ። ስለ ኳሷ ማስረዳት አትጀምር፣ ይቅርታህን በአጭሩ ተናገርና ዝም በል፣ እሱ ያውራ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ለእህቱ ደውዬላት ነበር። ስልኩን ይዛ ወደሱ ዞር ስትልና ስትነግረው ሰማሁ፣ ከዛ ተመለሰችና «ማክሰኞ ከ10 ሰዓት በኋላ ይምጣ ብሏል» አለችኝ።