«ስንቴ ነግሬሻለሁ!» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። እናቴ ውጭ አገር ካለችው እህቷ ጋር በቴሌግራም ስታወራ ነው የምትውለው። በቀደም «አክስቴ» ጻፈችላት፤ «ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ አሁን የሆነ ቁጥር ይመጣልሻል፣ እሱን ላኪልኝ» አለቻት። እማዬም ላከች። ማታ ላይ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መደወል ጀመረ፤ «ምነው፣ ብር ላኩልኝ ያልሽው ምን ገጥሞሽ ነው?» እያለ። አንዷ ጎረቤታችን 3,000 ብር ልካለች። እኔም በንዴት «ስንቴ ነግሬሻለሁ!» ብዬ ጮህኩባት። አሁን ስልኩን መንካት ራሱ ፈርታለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጽሔቱ እስኪወጣ መጠበቅ ስለማይቻል ላንተ በዕለቱ መልሼልሃለሁ። እዚህ የማወጣው ነገ ተነገ ወዲያ ለሚገጥማቸው ነው።

ያ ቁጥር ቁልፍ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ የእናትህን ቁጥር ያስገባል፤ ቴሌግራም ደግሞ ባለቤቷ መሆኗን ለማረጋገጥ ኮዱን ወደ እሷ ስልክ ይልካል። ኮዱን ካላገኘ አይገባም፣ ስለዚህ ይለምናል። የሚለምነው ደግሞ በማያውቁት ሰው ስም አይደለም፤ የአክስትህን አካውንት ቀድሞ ወስዶታል፣ ምናልባት እሷም ለሌላ ዘመድ ኮድ ልካ ይሆናል። እንደ ጉንፋን ነው፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። አክስትህን ንገሯት፤ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ደውላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ቴሌግራሙ እናትህ ስልክ ላይ አሁንም የሚከፈት ከሆነ ተርፋችኋል። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚል አለ፤ እሱን ስትከፍት አካውንቱ የገባባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይታያሉ። የማታውቁት ስልክ ካለ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫን፣ ሌባው ይወጣል። ፍጠን የምለው ለዚህ ነው፦ አዲስ የገባ ስልክ የቆየውን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፣ መጠበቅ አለበት። ያ ጊዜ የእናትህ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ግን ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴሌግራሙን ከስልኩ ማጥፋት ነው። እባካችሁ እንዳታደርጉት! አጥፍታችሁ እንደገና ስትገቡ አዲስ ገቢዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ፣ ሌባው ደግሞ ነባር።

ሌባው ከወጣ በኋላ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብራላት። ከዚያ ወዲያ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፣ የይለፍ ቃልም ይጠይቃል። ቃሉን ራሷ ትምረጠው፤ አንተ ከመረጥክላት ትረሳዋለች። ደብተር ላይ ጽፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጠውም ችግር የለውም፤ ይሄ ሌባ ቁም ሳጥን አይከፍትም።

ጎረቤታችሁ ብሩን የላከችበት ባንክ ዛሬውኑ ትሂድ፣ ፖሊስ ጣቢያም ታስመዝግብ። ይመለሳል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጣትም።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ ልንገርህ። ቴሌግራም ኮዱን ሲልክ «ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያም አብሮ ይልካል። በእንግሊዝኛ። እናትህ ያየችው የእህቷን መልእክት በአማርኛ፣ ማስጠንቀቂያውን በማታነበው ቋንቋ ነው፤ እህቷን ብታምን ምን ይገርማል? እኔም ከዚህ የተሻልኩ አይደለሁም። አባቴ ስልኩን ይዞ ሲቸገር «አምጣው እስኪ» ብዬ ከእጁ እነጥቅና በአምስት ሰከንድ ጨርሼ እመልስለት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶ መላክ አልቻለም፣ ምክንያቱም የምልክለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ሁሉ ስታደርግ ስልኩ እሷ እጅ ላይ ይሁን፣ ጣቷም ይንካው። ቡና እየጠጣችሁ ይሁን ደግሞ፣ ያቺን ጎረቤትም ጥሯት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ልጆቼ አዲስ ስልክ ላኩልኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ ስለነበረኝ፣ እንዳይረሳኝ ብዬ አላርሙን 3:00 ላይ ሞላሁት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጮኸ! ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ። ስልኩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፣ እኛ ደግሞ ከንጋት። ስለዚህ የኛ ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፦ ጠዋት 3 ሰዓት 9:00 ኤኤም፣ ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ኤኤም። ኤኤም ማለት ከሌሊቱ 6 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ ፒኤም የቀረው።

መደመሩ ከሰለችዎት አንድ ዘዴ አለ። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ካደረጉት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስልክዎም 3:00 ይላል፤ ኤኤም ቀን፣ ፒኤም ማታ ይሆንልዎታል። ጉድለቱ ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ቀኑን የትናንት አድርጎ ማሳየቱ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ተኝተዋል። ሰዓቱን በእጅዎ ብቻ ወደኋላ እንዳይመልሱት፤ የመልእክቶችዎ ሰዓት ይዘበራረቃል፣ አልከፈት የሚል አፕም ያጋጥምዎታል። ለልጆችዎም ይንገሯቸው፣ አለዚያ አባባ ቦነስ አይረስ ምን ይሠራል ብለው ይደነግጣሉ።

ጥያቄ፦ ከሜክሲኮ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የፍሪጃችን ሞተር ተቃጠለ። ጥሩ ዲቫይደር ላይ ነበር የሰካነው። ለዋይፋዩም ፈራን።

መልስ፦ ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ከምንም አያድንም። ለፍሪጅ የሚሆነው «ፍሪጅ ጋርድ» የሚባለው ነው፤ ኃይሉ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ይቆርጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ ነው የሚለቀው። መዘግየቱ ያለምክንያት አይደለም። ሞተሩ እንደቆመ ወዲያው ቢነሳ በውስጡ ያለው ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ታግሎ ነው የሚነሳው፣ ይግላል። እስክትገዙ ድረስ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩት።

ለዋይፋዩ «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ፣ መብራት ቢሄድም ኢንተርኔቱን ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ሆድ ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 ቮልትም አለ፤ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ አሳዩት።