የጃፓን ሜፕል ዛፍን ለቦንሳይ (በሸክላ ሳህን ውስጥ አሳንሰው ለሚያሳድጉት ዛፍ) ማራባት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በፀደይ ደማቅ ቀይ ቅጠል ከሚያወጣው ዴሾጆ ከሚባለው ዝርያ ዘር ብሰበስብ እናቱን የሚመስል ዛፍ አገኛለሁን?

መልስ፦ በዚህ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። ከዘር የሚበቅሉ ችግኞች በቅጠል ቀለምም ሆነ በአስተዳደግ ከእናት ዛፉም እርስ በርሳቸውም ስለሚለያዩ፣ ዝርያውን እንዳለ ማቆየት የሚፈልግ ሰው በቁራጭ (ቆርጦ አፈር ውስጥ በሚተክሉት ቅርንጫፍ)፣ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጋጠም ወይም ቅርንጫፉን ዛፉ ላይ እንዳለ ሥር በማስያዝ ማራባት ይኖርበታል። ሆኖም ዘር የሚናቅ አይደለም፤ ችግኙ ገና ለጋ ሳለ ቁልቁል የሚወርደውን ዋና ሥር ቆርጦ የጎን ሥሮቹን ለቦንሳይ እንደሚፈለገው ዙሪያውን መዘርጋት ይቻላልና።

ጥያቄ፦ የዘራሁት ዘር ሳይበቅል ቀረ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ቅዝቃዜ ባለማግኘቱ ነው። የደረቀውን ዘር ለብ ባለ ውኃ ለአንድ ቀን ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገው ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ከ3 እስከ 4 ወራት ያቆዩት። አንዳንዱ ዘር በሁለተኛው ዓመት ስለሚበቅል ቶሎ አይጣሉት።

ጥያቄ፦ በቁራጭስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ሥር የያዘ ቁራጭ በመጀመሪያው የቅዝቃዜ ወቅት በቀላሉ ስለሚሞት በዚያው ዓመት ባያዛውሩት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ የትኛውን ዘዴ ይመርጣሉ?

መልስ፦ ቅርንጫፉን ዛፉ ላይ እንዳለ ሥር ማስያዝን ነው። የፀደይ ቅጠሎች ጠንከር ካሉ በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስፋት ያለው ቅርፊት እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይላጡ፤ ከቅርፊቱ በታች ያለውን አረንጓዴና የሚያንሸራትት ሽፋንም እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፋቁ፤ ጥቂቱ እንኳ ከቀረ ቁስሉ ተመልሶ ይገጥምና ሥር አያወጣም። በላይኛው ጠርዝ ላይ ሥር አብቃይ ሆርሞን ቀብተው፣ ስፋግነም ሞስ በተባለ፣ ውኃ በሚይዝ ለስላሳ ተክል፣ አርጥበውና ውኃውን ጨምቀው ሸፍነው በፕላስቲክ አጥብቀው ይሰሩት። ከ2 እስከ 3 ወራት ውስጥ ሥሮች በፕላስቲኩ በኩል ይታያሉ። የምመርጠው ሥሮቹ ከአንድ ቀለበት፣ በአንድ ከፍታ፣ ዙሪያውን ስለሚወጡ ነው፤ ከግንዱ ግርጌ በየአቅጣጫው የተዘረጋ ሥር፣ ጃፓኖች ኔባሪ የሚሉት፣ ለሜፕል ቦንሳይ ከቅርንጫፍ አቀማመጥ ይበልጥ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ቅርንጫፉን ቆርጠው ሲተክሉ ሞሱን በግድ አያራግፉ፤ አዲሶቹ ሥሮች በቀላሉ ይሰበራሉ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ዛፍ በሌላ ግንድ ላይ የተጋጠመ ነው። ለቦንሳይ ይሆናልን?

መልስ፦ የተጋጠመበት ቦታ እብጠትና የቅርፊት ልዩነት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ሊጎላ ይችላል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው በላይ ከላይ በገለጽኩት መንገድ ሥር ቢያስይዙት በራሱ ሥር የቆመ ዛፍ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ጠወለገ፤ ስቆርጠው እንጨቱ ውስጥ ጠቆር ያለ መስመር አየሁ።

መልስ፦ ምልክቱ በአፈር ውስጥ የሚኖረውን ቨርቲሲሊየም የተባለ ፈንገስ ያስጠረጥራል፤ ለዚህም ፈዋሽ መድኃኒት የለም። የተጎዳውን ከጤናማው እንጨት ገባ ብለው ይቁረጡ፣ መቀሱን በአልኮል ያጽዱ፤ ከዚህ ዛፍ ቁራጭም ሆነ ቅርንጫፍ ለማራባት አይውሰዱ፤ አፈሩንም ለሌላ ሜፕል አይጠቀሙበት።