አልመለስ ያለ ፍሪሲዮን

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነኝ። አሮጌ ሞተር ሳይክሌ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ከከረመች ወዲህ ማርሽ ስቀይር የምጨብጠው ፍሪሲዮኗ ይከብዳል፣ ስለቀውም ቶሎ አይመለስም። ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ፣ ካቦውን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለማውጣት አትቸኩል። ካቦውን ከሁለቱም ጫፍ ፍታና የውስጡን ሽቦ ሳበው፤ በቀላሉ ከሄደ ጥፋቱ እጀታው ወይም ሞተሩ ጋ ያለው ክንድ ላይ ነው። ከያዘ ደግሞ ካቦውን በቁመቱ ስቀለው፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ጥጉ የተቀደደ ፌስታል አጥብቀህ እሰርበትና ቀጭን ዘይት ጨምርበት፣ ከታች ንጹሕ ሆኖ እስኪንጠባጠብ ይደር። ግራሶ ግን አደራ፣ ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ አይወርድም። ከሽቦው አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ቀይረው፤ በዚያ ካቦ የዓባይን በረሃ እንዳትወርድ! ስትገጥመው እጀታው ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ልል ይሁን። መሪውንም ግራና ቀኝ አዙረህ እየው፣ ካቦው መወጠር የለበትም።