መልስ፦ ዩራኒየሙ ሳያልቅ ነዳጁ ለምን ይወጣል?

ወንድሜ፣ «ዩራኒየም እያለ የኑክሌር ጣቢያን ነዳጅ ለምን ይቀይሩታል? አሠራሩን ማሻሻልስ ዕድሜውን ያረዝማል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ያረዝማል።

ችግሩ የዩራኒየሙ ማነስ ብቻ አይደለም። አተሞቹ ሲሰነጠቁ እንደ ዜኖን ያሉ ጋዞች ይፈጠራሉ። ዩራኒየሙ የተጠቀጠቀበት እንክብል ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል። እንክብሎቹ የሚደረደሩበት ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ ቱቦም ከውጭ በጋለ ውሃ ይዝጋል፣ ከውስጥ በጋዝ ይወጠራል።

እንክብሉ የሚሠራው እንደ ሸክላ ነው። የዩራኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኮሳል። አሁን ዱቄቱ ላይ ጥቂት ክሮሚየም ኦክሳይድ ጣል ያደርጉበታል። ያኔ ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፣ ጋዙም ከውስጣቸው ቶሎ አያመልጥም።

ቱቦውን ደግሞ በስስ ክሮሚየም ይለብጡታል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ ላይ የጋለው ዚርኮኒየም ከእንፋሎት ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጂን አመነጨ፣ ሕንጻዎቹም ፈነዱ። ልባጩ ይህን ያዘገየዋል። ጊዜ ማግኘት ማለት ሕይወት ማትረፍ ነው!

የፈረንሳዩ የኑክሌር ኩባንያ ፍራማቶም ሁለቱን ያጣመረ ነዳጅ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚገኘው ቮግትል ጣቢያ ለሙከራ አስገብቷል። ብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች በየ18 ወሩ ቆመው ነዳጅ ይቀይራሉ፤ ግቡ 24 ወር ማድረስ ነው። ለዚያ ግን ከ5 በመቶ በላይ የበለጸገ፣ ማለትም በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻው ከ5 በመቶ በላይ የሆነ ዩራኒየምም ያስፈልጋል።