ዘዴው የጋራ ነው፣ ጽሑፉ የባለቤቱ፦ ለጨዋታ ጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ

ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ዳይስ እየወረወሩ አብረው ታሪክ የሚፈጥሩባቸውን ጨዋታዎች ራሳቸው ጽፈው ለማሳተም የሚፈልጉ አንባቢዎች ጥያቄ ልከውልኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

የራሴን ጨዋታ እየጻፍኩ ነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል፣ ቁጥር ይደመርበታል፣ ከተወሰነ ነጥብ ካለፈ ተሳካ። ጓደኞቼ “ይሄ የዚያ የታወቀው ጨዋታ፣ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፣ ትከሰሳለህ” ይሉኛል። እውነት ነው?

በራስህ ቃል እስከጻፍከው ድረስ አትስጋ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው አጻጻፉን እንጂ የጨዋታውን ዘዴ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1879 ስለ አንድ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ መጽሐፍ ሲወስን መጽሐፉ የደራሲው ነው፣ ዘዴውን ግን ማንም ሊሠራበት ይችላል ብሏል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። መውሰድ የሌለብህ የእነሱን አንቀጽ፣ ሥዕል፣ ስምና ዓርማ ነው።

ዘዴው ነፃ ከሆነ ፈቃድ ምን ያደርጋል? ደግሞስ ኦፕን ጌም ላይሰንስ የሚባለው አሁንም ይታመናል?

ዘዴው የት አልቆ ጽሑፉ የት እንደሚጀምር ቁርጥ አድርጎ መናገር ከባድ ነው። የአንድ አስማት ጉዳት ስንት ዳይስ እንደሆነ ዘዴ ነው። እሳቱ እንዴት እንደሚፈነዳ የሚተርከው ዓረፍተ ነገር ግን ጽሑፍ ነው። ድንበሩን በክስ ለማወቅ ገንዘብ ያለው ትንሽ አሳታሚ የለም።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2000 ኦፕን ጌም ላይሰንስን ሲያወጣ ይህን ስጋት ነው ያቀለለው። የጨዋታውን መሠረታዊ ሕጎች ውሰዱ፣ ጨምሩበት፣ ሽጡ አለ። ፓይዞ የተባለው ሌላ ኩባንያ በ2009 ፓዝፋይንደር የተባለውን የራሱን ጨዋታ ያወጣው በዚሁ ፈቃድ ላይ ቆሞ ነው።

ችግሩ ያለው ቃላቱ ውስጥ ነው። ፈቃዱ “ዘላቂ” ይላል፣ “የማይሻር” ግን አይልም። ዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ ዊዛርድስ አዳዲስ የፈቃዱን እትሞች ማውጣት እንደሚችል ይናገርና እናንተ “ዕውቅና ያለውን” ማንኛውንም እትም መጠቀም ትችላላችሁ ይላል። በጥር 2023 የዊዛርድስ አዲስ የፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። የድሮው እትም ዕውቅና እንዲነሣበት ይፈልጋል። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገቡት ደግሞ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ እንዲከፍሉ ይጠይቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው እንጀራውን የጋገረበት ምጣድ በአንዲት ቃል ሊነሣ ነበር! ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

ተጫዋቹና ጸሐፊው ዝም አላሉም። የኩባንያውን የኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኝነት የሰረዙ ብዙ ነበሩ። ኩባንያው ባወጣው መጠይቅ ላይም ከ15,000 በላይ ሰዎች አስተያየት ሰጡ። ጥር 27 ቀን ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ፤ የድሮውን ፈቃድ አልነካም አለ፣ የጨዋታውን አምስተኛ እትም መሠረታዊ ሕጎችም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 ለቀቃቸው፤ ይህ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምና እንዲሸጥ የሚፈቅድ ፈቃድ ነው። ይሄኛው የማይሻር መሆኑ እዚያው ተጽፏል። ፓይዞም ከሌሎች አሳታሚዎች ጋር ኦርክ የተባለ፣ በማንም ጨዋታ አሳታሚ እጅ የማይገባ ፈቃድ አዘጋጅቷል። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ምክሬ ከሁለቱ በአንዱ ጀምሩ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምኖረው። ልጆቼ እዚህ ተወልደው በእንግሊዝኛ ነው የሚጫወቱት። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ሕጎች ወደ አማርኛ ተርጉሜ ባሳትምና ብሸጥ ያስጠይቀኛል?

አያስጠይቅዎትም። እባክዎ ያድርጉት! ሲስተም ሪፈረንስ ዶክዩመንት የሚባለውን፣ መሠረታዊ ሕጎቹ የተጻፉበትን የኩባንያውን ሰነድ ይዘው ይነሡ፤ 5.1ም ሆነ በ2025 የወጣው 5.2 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሥር ናቸው። በሰነዱ መጀመሪያ ላይ የተሰጠውን የምንጭ መግለጫ እንዳለ መጽሐፍዎ ውስጥ ያስገቡ፣ የተረጎሙት መሆኑንም ይጻፉ። ሽፋኑ ላይ የጨዋታውን ዓርማ አያድርጉ። “ከአምስተኛው እትም ጋር ይሄዳል” ማለት ግን ይፈቀዳል። በሱቅ የሚሸጡት መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሁሉ እዚህ ሰነድ ውስጥ የለም። ለምሳሌ ብዙ ዓይን ያለው ቢሆልደር የተባለው ጭራቅ አልተካተተም፣ እሱን ይተዉት። ገጸ ባሕርይ ከአደጋ ለመዳን የሚወረውረውን ዳይስ፣ “ሴቪንግ ስሮው”ን፣ እኔ ብሆን “የማምለጫ ውርወራ” እለው ነበር፤ ልጆቹን ይጠይቋቸውና ጆሯቸው የወደደውን ይያዙ።

ጨዋታዬን ለሁሉም ክፍት ላድርግ ብዬ “ለንግድ አይውልም” የሚል ፈቃድ መረጥኩ። ጥሩ ነው?

እህቴ፣ ያንን መስመር አውጪው። ለጨዋታሽ ጀብዱ፣ ማለትም የሚጫወቱበትን ታሪክ፣ ጽፎ በሁለት ዶላር የሚሸጥ ልጅ ያንቺን ጨዋታ ያሳድግልሻል እንጂ አይነጥቅሽም። ታሪኩንና ገጸ ባሕርያቱን ለራስሽ አስቀሪ፣ ሕጎቹን ልቀቂ። የቱ የቱ እንደሆነም መጽሐፉ ላይ በግልጽ ጻፊ።

የት ልሽጠው?

ኢች ዶት አይኦ በተባለው የኢንተርኔት መሸጫ ላይ ለመድረኩ የምትተወውን ድርሻ ራስህ ትወስናለህ፤ ዜሮም ማድረግ ይቻላል። ዲኤምስ ጊልድ የተባለው ሌላው የኢንተርኔት መሸጫ የዊዛርድስን ዓለማትና ገጸ ባሕርያት እንድትጠቀም ይፈቅድልሃል። ግን ግማሹ ገቢ ለእነሱ ይቀራል፣ ሥራውንም ሌላ ቦታ ማሳተም አትችልም። እኔ የመጀመሪያ መጽሐፌን እዚያ አላስርም።

የአማርኛ ፊደል ቅርጽስ ይገዛል?

አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። በእነሱ የተጻፈ መጽሐፍ መሸጥ ትችላላችሁ፤ ፊደሉን ብቻውን ነጥሎ መሸጥ ነው የማይፈቀደው። ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ገጽ በወረቀት አትሙና ተመልከቱ፤ ሠንጠረዥ ውስጥ ፊደሉ ሲያንስ “ጸ” እና “ጽ” ለዓይን ይቀራረባሉ።